ኳስ፣ የተበላሸ፣ አንድ

ሐዋሳ፣ ዋናው ግቢ፣ ንብረት ክፍል ስሠራ፣
በእርዳታ የመጣ ሳጥን ከፈትን በጋራ።
መረብ ነበረበት፣ ፊሽካና ማልያ፣
ከሥር ደግሞ አንዲት ኳስ፣ ሞላላ እንደ ፓፓያ።
መሬት ላይ ብጥላት ወደ በር ነጠረች፣
ድጋሚ ብጥላት ጠረጴዛ ሥር ገባች።
ያየሁትን መጻፍ ነውና እንጀራዬ፣
ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ላይ፣ ከቀን ከፊርማዬ፦
«ኳስ፣ የተበላሸ፣ አንድ።»

ሁለት ክረምት ተኛች ከተሰበረ ወንበር፣
የዕፅዋት ሳይንሱ ኡጁሉ እስኪቆም ከበር።
«እትዬ ብርነሽ፣ ኳሷ ጤነኛ ናት፣
ካምፓላ አጎቴ ጋ ሳለሁ ነው የማውቃት።
በእግር ብቻ አይደለም፣ ታቅፎ ሩጫ ነው፣
ለጓደኛህ ግና የምታቀብለው
ወደ ኋላ ነው።»
«ወደ ኋላ?»
«ወደ ኋላ ብቻ።»
«ፋይል መሰለችኝ» አልኩት፣ «ከቢሮ ቢሮ ስትሄድ፣
በተመለሰች ቁጥር ወደ ፊት የምትራመድ።»
ሞዴል ሃያ ሁለት ሞላሁ። ፈረመ። ወጣ።

ሕጉን በፈተና ወረቀት ጀርባ ነው የጻፈው፣
ግማሹን ያስታውሳል፤ ግማሹን እሱ ፈጠረው።
የቱ የቱ እንደሆነ ዛሬም ሰው አለየው።

«ለአንድ ወገን አሥራ አምስት ያሻል» ቢል ኡጁሉ፣
አሥራ አንድ ተገኙ፣ ተቆጥረው በሙሉ።
ዘበኛው ሐመሶ ዱላውን ዛፍ አስደግፎ፣
ካፖርቱን አውልቆ ገባ ከመሃል ተሰልፎ።
ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና፣ አግዳሚው ገመድ፤
አባ ኮዳዎች በዳር፣ እንደ ዳኛ፣ ያለ ፍርድ።
እኔም ነበርኩ፣ «ንብረቱን ልጠብቅ» ብዬ፣ ለሰበቡ።
እግር ኳሰኞቹ ከጥላ ሥር ሆነው፣
«እነዚህ የሚጣሉት በእንቁላል ነው?» ብለው
ሳቁ።

ተቃቅፈው ሲጋፉ፣ ትከሻ ለትከሻ፣
የዳንጊሶ ጥርስ ወለቀ። እስከ ማምሻ
ሣር ለሣር ፈለግን፤ አባ ኮዳ ሳይበላው አልቀረም።
ዳንጊሶ በክፍተቱ ማፏጨት ቻለ፤ ፊሽካ አላስፈለገም።

ሰኔ ላይ ኦዲተር መጣ፣ መዝገቡን ገለጠ፣
ከአንዲት መስመር ላይ ጣቱ ተቀመጠ።
«‹የተበላሸ› ይላል፤ ወጪ ሆኗል መቶ ጊዜ፣
ይታረም ወይ ይወገድ» አለኝ በትካዜ።
ስርዝ ድልዝ አላውቅም፣ ሃያ ዓመት ሙሉ።
ተውኩት እንዳለ ቃሉ።
«ምርመራ» በሚለው ጠባብ ዓምድ ብቻ፣
በደቃቅ ጻፍኩበት፣ ከመስመሩ ዳርቻ፦
«በሥራ ላይ ናት። ጥርስ አንድ ጎድሏል።»