የቦኖው መዝገብ

የሰፈሬ ስሙ ቧንቧ ውሃ ይባላል፣
ደሴ ለገባ ሰው ስሙ ያረካዋል።
እኔ ግን ቁልፍ ይዤ ከቦኖው ደጅ ያለሁ፣
ሲንጠባጠብ እንጂ ሲወርድ አላየሁ።

በሳምንት ሁለቴ፣ ያውም ሌሊት ዘጠኝ፣
ቱቦው ሲያስለው ነው ተነሽ የሚለኝ።
ያጓራል፣ ያቃስታል፣ አየር ይተፋና
አንድ ጀሪካን ሞልቶ ይተኛል እንደገና።

ጀሪካን ይሰረቃል፣ ድንጋይ ይሰለፋል፣
ባለቤቱ ሲተኛ ድንጋይ ይወክላል።
የፋጤ ድንጋይ ይኸ፣ ያኛው የሐጂ እብሬ፣
ማንም አይነካውም፣ ሕግ ያውቃል ሰፈሬ።

ሳንቲም ላጠረው ሰው በከሰል እጽፋለሁ፤
የቦኖዬ በር፣ ቆርቆሮው፣ መዝገቤ ነው።
አንድ ጭረት አንድ ጀሪካን።
ዘምዘም አራት ጭረት
(አባቷ ይህን ስም ሲያወጣላት
የውሃ ተበዳሪ ትሆናለች ብሎ አላሰበም)።
ይመር ሰባት።
የአስካለን ዝናብ አጠበው፤
ሰማይ ከከፈለላት እኔ ምን አገባኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ቀበሌ ተጠራን።
ከውሃ ቢሮ አንድ ልጅ መጣ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣
(የሚረጭበትን ከየት አገኘ? ብዬ ልቤ ተንኮል አሰበ)
«ብድር ተገኘ» አለ።
«መንግሥት ለከተማው ያበድራል፣
ከገራዶ በታች ጉድጓድ ይቆፈራል፣
ፓምፕ ይገባል፣ ታንከሩ ጦሳ ወገብ ላይ ይቀመጣል፣
ዕዳው በሃያ ዓመት ይከፈላል፤
የመጀመሪያው አምስት ዓመት የእፎይታ ጊዜ ይባላል።»

እፎይታ!
ከኋላ ወንበር ተዋበች ሳቀች፣
ሃያ አምስት ሊትር ያጎበጠውን ወገቧን ይዛ፤
«እፎይ የሚለው ማነው፣ ልጄ?
ባንኩ ነው? ቧንቧው ነው? ወይስ እኔ?»
ልጁ ወረቀቱን ገለጠ።
ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ሐጂ እብሬ ምርኩዛቸውን ተክለው ተነሱ፤
«በፊትም ተበድረን ነበር፣ ብሩን ውሃ በላው አሉን።
ምነው ውሃ በበላው! በጠጣነው ነበር!
እኛ የከፈልነው ውሃ ያልበላውን ነው።»
አዳራሹ ሳቀ። ልጁም ሳቀ፣
ከዚያ አቀርቅሮ ብዙ ጻፈ።

እኔ ብድርን አውቀዋለሁ።
አበዳሪ ነኝ እኮ፣ በከሰል፣ በቆርቆሮ።
ወለድ አልጠይቅም፤
ወለድ ብዬ የማውቀው ዘምዘም የወለደችውን ነው፤
ሌሊት ምጥ መጣባት፣ ቦኖው ደርቆ ነበር፣
ከአምስት ቤት አምስት ጣሳ ተዋጥቶ ታጠበ፤
ሕፃኑ ዓይኑን ሳይገልጥ አምስት ቤት ተበደረ።
አሁን ደግሞ የሃያ ዓመቱ ተጨመረበት፤
ተከፍሎ ሲያልቅ ጢም አብቅሎ ይሆናል፣
በየትኛው ውሃ እንደሚላጨው እንጃ።

ታዲያ ተቃወምሽ ወይ? ብትሉኝ፣ አልተቃወምኩም።
እጄን አወጣሁ፣ ብብቴ እስኪታይ ድረስ።
ታሪፉ ይጨምር፤ ሁለት ብር ይሁን፣ ሦስት ይሁን፤
ብቻ ቆጣሪው ውሃ ይቁጠር፣
የአየር ሒሳብ ስንከፍል ኖረናል።
ብቻ ጉድጓዱ ከብድሩ ቀድሞ አይድረቅ።

ማታ ተመልሼ ከሰሌን አነሳሁ፤
ከዘምዘም በታች፣ ከይመር በላይ፣
«መንግሥት» ብዬ ጻፍኩ።
ጭረት አላሰመርኩም።
ስንት ጀሪካን እንደሆነ አላውቅም፣
እሱ ለእኛ ይሁን እኛ ለእሱ፣ እሱንም አላውቅም።
ባዶ ቦታ ተውኩለት።

ከጦሳ ጉም ወረደ፣ ቆርቆሮውን አላበው፤
ጽሑፉ ጥቂት ፈሰሰ፣ ግን ይነበባል።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቱቦው አንዴ ሳለ።
ድንጋዮቹ በሰልፋቸው ነበሩ።
ቁልፌን ይዤ ወጣሁ።