መሸኛ

ሥራዬ መጻፍ ነው፣ በቀበሌ ቢሮ፣
ማን እንደ ወለደ፣ ማን ሞተ ዘንድሮ።
ከመስኮቴ በታች፣ አዌቱ ይሄዳል፣
የላዩን ቆሻሻ፣ ለታቹ ይወስዳል።

በሰኔ መባቻ፣ በሽታው ሲጀምር፣
ስሙን አሳጠርነው፣ ሰው እንዳያሸብር።
‘አተት’ አልነው ባጭር፣ ሦስት ፊደል ሙሉ፤
በሦስቱ ፊደላት፣ ስንት ቤቶች ጎደሉ።

እርዳታ ተላከ፣ ጀሪካን ሳሙና፣
የውኃ ማከሚያ፣ ነፃ ሕክምና፣
ለታጠረ ግቢም፣ ዘይትና ዱቄት፤
ከታች ግን በደማቅ፣ አንድ መስመር አለበት፦
«ለቀበሌው ነዋሪ፣ መታወቂያ ለያዘ ብቻ።»

ኤርሲዶ የሚባል፣ የሆሳዕና ሰው፣
ለቡና ለቀማ፣ መጥቶ የከረመው፣
ሚስቱን እንዳዘለ፣ ቆመ ከመስኮቴ፤
«መሸኛ አለህ ወይ?» አለው አንደበቴ።

መሸኛ ማለት፣
ከወጡበት ቀበሌ፣ ማኅተም ያረፈበት የስንብት ደብዳቤ ነው።
እሱ ከሌለ፣ ሰው መጥቶም አልመጣም።

«የሸኘኝ ችግር ነው፤ እሱ ማኅተም የለው»
አለኝ። የሚስቱ እግሮች ከወገቡ ግራና ቀኝ
እንደ ረጠበ ገመድ ተንጠልጥለዋል።

እሱ የለቀመው፣ ቡናው በጆንያ፣
ኬላውን ሲሻገር፣ ያሳያል መሸኛ።
ሰውየው ግን የለው።

ሊቀመንበሩ ዘንድ ገባሁ። ነጂብ ክፉ ሰው አይደለም፤
ሌሊቱን ክሎሪን ሲያድል፣ እንቅልፍ የሚሉት አላየም።
«ለኛው ሰው አልበቃ» አለኝ፣ ዝርዝሩን ዘርግቶ፣
«ሺህ አራት መቶ ነን፤ የመጣው ስምንት መቶ።»
እውነቱን ነው። ሳሙናውን ራሴ ቆጥሬዋለሁ።

ግን አቶ ነጂብ፣
ከኤርሲዶ ጎጆ፣ እስካንተ ወጥ ቤት፣
ዝንብ አይደክማትም፣ ለአንድ ትንፋሽ ርቀት።
ቀረጡን ስትቆርጥ፣ ከቡናው ላይ ቆጥረህ፣
የለቃሚው ጣቶች፣ ከየት ናቸው አልህ?
ጉድጓዱ አንድ ነው። እሱን ከመዝገብ ብንፍቀው
ከጉድጓዱ አንፍቀውም።

ይህን ሁሉ ልል ነበር።
ያልሁት ግማሹን ነው፤ ግማሹን ጉሮሮዬ ዋጠው።

አደ ዘቢባ ከሰልፉ ወጥታ ገባች።
እጇ ላይ የራሷ ካርድ፣ ዳሩ የተበላ።
«በኔ ቤት ቁጥር ጻፊው። ተከራይ በይው፣ ልጇ በይው፣
የፈቀደሽን በይው።»
ዞር አለች ወደ ነጂብ፦
«ሲሞት እኮ ዕድሩ፣ መታወቂያ አይጠይቅም፤
በቁሙ መጠየቁ፣ ትንሽ አያሳፍርም?»

ነጂብ ማኅተሙን አነሳው፤ አላተመም።
መልሶ አስቀመጠው፤ መሳቢያውን ግን አልቆለፈም።
ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነበር፣ ዝናቡ በሚያፈስበት በኩል።

እኔ በእርሳስ ጻፍሁ፦
ኤርሲዶ፣ ከነባለቤቱ ሎምባሜ፣ የቤተሰብ ብዛት አራት።
የመሸኛ ቁጥር በሚለው ዓምድ ሥር
«በመንገድ ላይ» አልሁ።
ከመንገድ በቀር ምን አላቸው?

አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሰልፉ አልተበተነም።
ጀሪካኑን ከራሴ ድርሻ ሰጠሁት፤ ዘይቱ ግን ገና ነው።
ነገ ነጂብ ያትም ይሆናል፣ ወይ ላጲስ ያመጣ ይሆናል፤ አላውቅም።
ከትምህርት ቤቱ ሜዳ፣ ከነጩ ድንኳን ውስጥ፣
ሁለተኛው ግሉኮስ ተሰቅሎ ጠብ ጠብ ይላል።

ሎምባሜን ገና አልሸኘናትም።