አሥራ ስድስት ስፒል

ከደረጃው በላይ ከፍ ብላ ተሰቅላ፣
በወርቅ ቅብ ጠርዝ ውስጥ፣ ሐር ለብሳ፣ ተኩላ፣
ይኸው ትታያለች ወይዘሮ ሮዌና፣
ልብወለድ ደራሲ፣ የቤት እመቤት ሆና።
ሰው ፊቷን ያደንቃል፤ እኔ የጀርባዋ ነኝ፤
ከኋላዋ ነበርኩ፣ ሠዓሊው ያልሣለኝ።

ዲሊስ ነው ስሜ፤ ከዌልስ ነው የመጣሁ፣
ልብስ ሰፊዎች ቤት በልጅነት የገባሁ።
ከታላቁ ጦርነት አምስት ዓመት አስቀድሞ፣
የለንደን ጭጋግ ከመስኮቱ ላይ ቆሞ፣
ቼልሲ፣ ሠዓሊው ቤት፣ በጉልበቴ ሆኜ፣
የቀሚስ ትርፍ ሰበሰብኩ፣ ከብርሃኑ ሸሽቼ።

ቀሚሱ የውሰት ነው፤ የባሏ እኅት ነው፤
ዕንቁውም እንደዚያው፣ ማታ መላሽ ያለው።
ከወገቧ ሰፍቶ፣ ሁለት ስንዝር ተርፎ፣
አሥራ ስድስት ስፒል ያዘው ከኋላ አቅፎ።
ከፊት ለሚያያት ልኳ ነው፣ ያምራል፤
ከኋላ ለቆመ ጆንያ ይመስላል።

ጆንያ ስል ትዝ አለኝ፤ ባሏ ነው ከፋዩ፣
የጆንያ ፋብሪካ፣ ሁለት መርከብ ያለው።
"ሚስቴን ሣልልኝ" አለ፣ "ደራሲዋን ተዋት፤
እሷን እኔም ቤቴ ብዙ አላገኘኋት።"
ሚስተር ኦድሊም ታዘዘ፤ ጣቷን አየና፣
የብዕሩን ቀለም "በጓንት ይሸፈን" አለና፣
ማራገቢያ ሰጣት።
ይዛው ቆመች፣ እንደ ሰው ልጅ ሕፃን።

ሃያ ሦስት ቀን ቆመች፣ ሳትነቃነቅ፤
ቆማ ሥራ ላይ ናት፣ ማንም ግን ሳያውቅ።
አሥራ ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ አንድ ባለባንክ አለ፤
ሞቱ ተወስኗል፣ በምን እንደሆነ ግን አልታወቀ።
"ዲሊስ" ትለኛለች፣ ከንፈሯ ሳይላወስ፣
"መርዝ ሰልችቶኛል፤ ሽጉጥ አይጮህ፣ አይተኮስ፤
ሳይታመም፣ ሳይናዘዝ፣ ሰው በምን ይሞታል?"
አፌ ስፒል ሙሉ ነው፤ ሰው እንዴት ያወራል?
ሦስቱን ተፋሁና፣ "እራት ላይ" አልኳት፣ "ቀልድ አምጥቶ፣
በራሱ ቀልድ ሲስቅ፣ የዓሣ አጥንት ጉሮሮው ገብቶ።"

ዝም።

ትንሽ ቆየችና ጀርባዋ ተንቀጠቀጠ፤
ያለቀሰች መስሎኝ ልቤ ደነገጠ።
ሳቅ ነበር። የታፈነ፣ ድምፅ አልባ፣ ከሆዷ የመጣ፤
አንድ ስፒል ተስፈንጥሮ ከሐሩ ወጣ።
"እንዳትነቃነቂ!" አለ ሠዓሊው፣ "ይሄ ነው!"
የከንፈሯን ጥግ እርጥቡን፣ በጥድፊያ ሣለው።

ጋዜጣው "የትዳር ሰላም ነው" ብሎ ጻፈ፤
አንዱ ሊቅ "የድሮ ፍቅረኛ ነው" ብሎ አሳለፈ።
ይበሉ።
የዓሣ አጥንት ነው።

መጽሐፉም በጸደይ ወጣ፣ የወንድ ስም ተውሶ፤
እሱንም ማን ያየዋል፣ ከኋላው ማን ሰክቶ፣ ማን አልብሶ!
አከራዬ ጮክ ብላ ስታነብልኝ ማታ፣
ባለባንኩ ሳቀ፤ ወደቀ በአንድ አፍታ።
ማንኪያዬን አስቀመጥኩ፤ "ምን ሆንሽ?" ብትለኝ፣
"ምንም" አልኳት፣ "ሾርባው አቃጠለኝ።"

ባለፈው እሑድ ሄድኩ፣ በምርኩዜ፣ ቀስ ብዬ፣
መግቢያውን ስድስት ፔኒ ከፍዬ።
ከጠርዙ ጎን ቆሜ፣ አንገቴን አስግጌ፣
ከኋላዋ ያለውን ልይ ብዬ ፈልጌ፣
"እማማ፣ ራቅ ይበሉ" አለኝ ዘበኛው።
ራቅሁ። ከኋላዋ ግድግዳ ነው ያለው።

ያኔ፣ የመጨረሻው ቀን ማታ፣ ቀሚሱን ስፈታ፣
ስፒሎቹን ቆጠርኩ፣ በሻማ፣ በእርጋታ፤
ወለሉን ዳበስኩ፣ ምንጣፉን ገለበጥኩ፤
አሥራ ስድስት ሰክቼ አሥራ አምስት መለስኩ።