የልብስ ገመድ

ዓርብ ማታ፣ ሻርጃ፣ ሮላ፣ አራተኛው ፎቅ፣
ስድስት አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ቁም ሣጥን በቁልፍ የሚጠበቅ፤
ኤሲው እንደ አሮጌ በግ ያስላል፣
ኩለኒ ስልኩን ባዶ ድስት ውስጥ ታቆመዋለች፣ ድምፁ ይጎላል።

ከበሮ ይመታል፣ እሳት የመሰለ ፊደል ይበራል፣
መስኮቱ ከመሀል ለሁለት ይሰነጠቃል፤
በግራ አንድ ከረባት፣ በቀኝ አንድ ከረባት፣
በመሀል አዘጋጁ፣ የሰዓት ጌታ፣ የፈገግታ አባት።

«ለእያንዳንዳችሁ ሦስት ሦስት ደቂቃ።
ጥያቄው አጭር ነው፦ ይህች አገር የማን ናት? በቃ።»

አምስት ራስ ሽንኩርት ልጬ ሳልጨርስ
ስንት ሺህ ዓመት ሲፈርስ፣ ሲቀለስ፣ ደግሞ ሲፈርስ።
እንባዬ ወረደ፤
በሽንኩርቱ ነው፣ ታሪክ እንዳይመስላችሁ።

የሻረግ በግራ ተሰለፈች፣ ኩለኒ በቀኝ፣
ለተብርሃን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፦ «እኔን ማንም አይጠይቀኝ።»

ባለፈው ወር የሻረግ ከመሰላል ስትወድቅ
ኩለኒ ነበረች በሷ ፈንታ የወለወለች፣ አሥራ ሁለት ቀን፣ ያንን ሁሉ ፎቅ።
ይህ ግን ለክርክር የሚሆን መልክ የለውም፤
ከረባት አላሰረም፣ ተቃራኒ አልተገኘለትም።

ቅዳሜ ጧት ጋዙ አለቀ።
ድሮ «ተራው የማን ነው?» ይባል ነበር፣ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር።
«እናንተ ሁልጊዜ…» ብላ ጀመረች የሻረግ።
ትናንት ማታ «አንቺ» ነበረች።
ብቻዋን፣ በፎጣ ተጠቅልላ፣
ከፀጉሯ ውሃ እየተንጠባጠበ፣
ኩለኒ ብዙ ሆነች።
«እኛማ መቼም…» አለች እሷም፣
ደግሞ አንዷ ከላይኛው አልጋ፣ በቀልድ ይሁን በቁም ነገር፦
«ሦስት ደቂቃሽ አልቋል!»

ማታ ከሥራ ስመለስ በረንዳው ላይ
ገመዱ መሀሉ ላይ በቀይ ፕላስተር ተጠምጥሟል።
ወዲህ የነዚህ፣ ወዲያ የነዚያ።
እርጥብ ሸሚዜን እንደያዝኩ ቆምኩ።
በአባቴ ኦሮምኛ ተመርቄ
በእናቴ አማርኛ ተቆጥቼ ያደግሁ ሰው
ሸሚዙን የት ይስቀል?

በሚቀጥለው ዓርብ ደወልኩ። ሃያ ስምንት ደቂቃ ጠበቅኩ።
«ከየት ነው የምትደውይው?»
«ከሻርጃ።»
«ማለቴ… ከየት?»
«ከባቲ።»
«ማለቴ፣ እህቴ፣ ከየትኛው ወገን?»

ስለ ሰኞ ገበያ ልነግረው ጀመርኩ፦
እኛ ጋ፣ አልኩት፣ ግመል የሚሸጠውና የሚገዛው
በአንድ ቋንቋ ላይግባቡ ይችላሉ፤
መሀላቸው ደላላ ይቆማል።
ይዋሻል፣ ይምላል፣ የሁለቱንም እጅ ይጎትታል፣
ግን እስኪጨባበጡ ድረስ ሳንቲም አያገኝም።
አንተስ፣ አልኩት፣ የምትበላው መቼ ነው?
ሲጨባበጡ ነው ወይስ…

«ሠላሳ ሰከንድ አለሽ።»

ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ድስቱ ውስጥ የሱ ድምፅ፦
«ይቅርታ ተመልካቾች፣ የመስመር ችግር ነው።»
መስመሩ ደህና ነበር።
መስመር ያጣሁት እኔ ነኝ።
ማንም አልሳቀም። የሻረግ ግን ሽንኩርቱን ከእጄ ወስዳ
መክተፍ ጀመረች፣ ምንም ሳትል።

ሸሚዜን ፕላስተሩ ላይ ሰቀልኩት፣ ሌላ ቦታ አልነበረኝም።
የነሐሴ ሙቀት ማጣበቂያውን አቀለጠው፤
ጧት ሳወርደው ከአንገቱ እስከ ጫፉ
ቀይ መስመር ተጋድሞበታል።
በሳሙና አሸሁት፣ በሎሚ፣ በበረኪና፤
ሰፋ እንጂ አልለቀቀም።

ስድስታችንንም «ሐበሺያ» ብላ የምትጠራ ማዳም
በር ስትከፍትልኝ ጣቷን ቀሰረች፦ ምንድን ነው ይሄ?
«ገመድ» አልኳት።
የቀረውን በአረብኛ አላውቀውም።