ቅዳ

ከምሳ በፊት ነው። ውኃ ቢሮ፣ ሁለተኛው ፎቅ፤
አዛናው በር ላይ ቆሞ፣ «ፈረቃው ይታወቅ፤
ሕዝቡ ስልኩን ይዞ ነው የሚጠብቅ።»
ሰንጠረዡን ከፈትሁ።
ከላይ ቀን፣ ከጎን ሰፈር፣ በመሐሉ ሰዓት፤
ቸቸላ፣ ማራኪ፣ አዘዞ፣ ሳምንት በሳምንት
ተኮልኩለው፣ ማንም ተራውን ሳይስት።

ባለፈው በቁጥር ብልከው አገር ተበጠበጠ፤
በትንሽ ስልክ ሲከፈት መስመሩ ተቆራረጠ፤
ማክሰኞ ወደ ረቡዕ ሸሸ፣ ሌሊቱ ቀን ሆነ፤
አንዱ ጎበዝ ደግሞ፣ የልደታ ልጅ፣ ለሰፈሩ አዘነ፤
በሳምንት አንዱን ቀን ሰባት አድርጎ ጻፈና
በየስልኩ በተነው፣ የእኛ ማኅተም ሳይለቅ ገና።
ስለዚህ በሥዕል ይሁን፤ ሥዕል አይታረስም፤
አንዴ የተቀመጠ ቀን ከቦታው አይላወስም።

ጣቴን ከመጀመሪያው ሰፈር አስነሥቼ
እስከ እሑድ ጎተትሁ፣ አምስት ዓምድ ለይቼ።
ጠርዙን ከበቡት ነጠብጣቦቹ፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ፣
ሲዞሩ፣ ሲዞሩ፣ አንድም ከመስመሩ ሳያልፍ።
ስድስተኛውን ዓምድ ተውሁት።
እዚያ ነው የፓምፑ ሕመም፣ የነዳጁ ዕዳ፣
ከአንገረብ የቀረው ልክ፣ በቀይ፤ የቢሮው ጓዳ።
ለሕዝብ ሳሎኑ ይበቃዋል።
«ቅዳ» የሚለውን፣ «እንደ ሥዕል» የሚለውን ጫንሁ፤
አንድ ጠብታ ሳላፈስ ስንቱን ሰፈር ቀዳሁ።

(ሥራህ ምንድን ነው ለሚሉኝ «መቅዳት» ብዬ እመልሳለሁ፤
የውኃ ሰው ሌላ ምን ይሠራል ብለው ሲመርቁኝ፣ አሜን እላለሁ።)

አማረ። አረንጓዴውን ቀለም እኔ ነኝ የመረጥሁት፤
በቴሌግራም ለቀቅሁት።
ከሰዓት በኋላ ቢሮው በሙሉ እፎይ አለ።

ረቡዕ ሌሊት ሞተሩ ተቃጠለ።

ጠዋት ገብቼ አንዲት ሣጥን ላይ ዜሮ ብጽፍ
ዘጠኝ ሰፈር ተንሸራተተ፣ ድምሩ እንደ ቅጠል ሲረግፍ፤
ቸቸላ ከሐሙስ ወደ ሰኞ፣ የሰኞው ወደ እግዜር ያውቃል።
ሰንጠረዥ ሕያው ነው፤ አንዱን ብትነካው ሌላውን ያመዋል፤
የሥዕሉ ሐሙስ ግን ሐሙስ ነው፤ ማን ይነግረዋል?
አዲሱን ቀድቼ ላክሁ። አሮጌው ግን ቀድሞኛል፤
ከእድር እድር፣ ከጎረቤት ጎረቤት ተሻግሮ ርቆኛል።

ሐሙስ ማታ ባጃጁ ጎማው ፈነዳና ቸቸላ ላይ ወረድሁ፤
በእግሬ ሳዘግም ጀሪካን አየሁ፤ ሠላሳ ስድስት ቆጠርሁ፤
አንዳንዱ በጨርቅ ተወትፏል፣ አንዳንዱ ድንጋይ ተጭኖበታል፤
ቧንቧው ነፋስ ብቻ እያወጣ እንደ ሽማግሌ ያስላል።

እትዬ እንጉዳይ ከተቀመጡበት አልተነሡም።
የመንገድ መብራት የለም፤ ፊታቸውን ያሳየኝ ስልካቸው ነው።
«አንተ የውኃው ልጅ አይደለህ? ተመልከት፣ ሐሙስ ይላል ይኸው፤
ከአሥራ ሁለት እስከ አራት። ሦስት ተኩል ሆነ፤ ምነው?»

በተሰነጠቀው መስተዋት ውስጥ አረንጓዴዬን አወቅሁት።
በአውራ ጣታቸው ገፉት፣ ወደ ቀኝ፣ ደግመው ገፉት፣
ከጠርዙ ወዲያ የተረፈ ነገር ያለ ይመስል፤
እየተመለሰ እዚያው ቆመ። ጓዳ የለውም ሥዕል።

«ይኼ እኮ አሮጌ ነው፣ እትዬ። ተቀይሯል።»
«ማን ቀየረው?»
ሞተሩ፣ ልል ነበር። ዜሮውን የጻፍሁት እኔ ነኝ።
ከኋላ አንድ ልጅ ባዶ ጀሪካን እንደ ከበሮ መታ፤ ዝም በል አሉት።
«እንግዲያው» አሉ፣ ሁለቱንም እጃቸውን ዘርግተው፣
«አዲሱን ቅዳልኝ።»

በአንዱ እጃቸው ስልኩ ነበር፣
በሌላው ጀሪካኑ።
እኔ ሳት ብሎኝ
ጀሪካኑን ተቀበልሁ።