የጦሳ ድርሻ

ሐረጎን ስዞረው ጉም ተቀበለኝ፣
ላፕቶፕ በጉያዬ፣ ጌጅ በከረጢት፤
ዘምዘም ናት ከደሴ ደውላ የጠራችኝ፦
«ድረስ፣ ቱቦው አመዳይ ለብሷል፣ ክትባቱ ሳይሞት።»

ሰካሁት። መርፌው ተንቀጠቀጠና
አንድ ነጥብ ዘጠኝ ባር ላይ ረግቶ ቆመ፤
ቁጥሩን ከኤክሴሉ ሳጥን ጣልኩና
ጠበቅኩት፤ ቀመሩ «ዜሮ ዲግሪ» ብሎ ፈጸመ።

ዜሮ?
ዜሮማ ከሆነ ይህ ነጭ ከየት መጣ?
ቱቦው ይመሰክራል፣ ሰንጠረዡ ይምላል፣
እኔ በመሐላቸው፣ ዳኛ ፍርድ ያጣ።
ጋሽ ሙሔ፣ ጄኔሬተር ጠባቂው፣ ከበሩ ላይ ይስቃል፦
«ሚስቴ የባቲ ልጅ ናት፤ ደሴን በባቄላ ታማለች፣
ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ፍሬው አይበስልም፣ እንጨቴን ፈጀ ትላለች።
ያንተስ ሰንጠረዥ፣ አገሩ ወዴት ነው?»

ወዴት ነው?
ወደ ላይ ሄጄ አየሁት፤ ለካ ከአንዲት ሳጥን ውስጥ
የአየሩን ክብደት አንድ ነጥብ ዜሮ አንድ ብዬ ደምሬ፣
ጦሳ ሥር ቆሜ፣
ግፊቱን በወደብ ምንዛሪ መንዝሬ!

ደምስሼ ዜሮ ነጥብ ሰባት አምስት ጻፍኩ።
ዓምዱ ከላይ እስከ ታች ተንሸራተተ፣
ከዜሮ በታች ሦስት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ቆመ።
አመዳዩ አልዋሸም ነበር።

ቫልቩን ሩብ ዙር ነካሁ። ሳጥኗን
«የጦሳ ድርሻ» ብዬ ሰየምኳት።
ማታ ሐረጎን ስወርድ ጆሮዬ ጓ ብሎ ተከፈተ፤
ኮምቦልቻ ሌላ ቁጥር አላት።