የራሴ ልክ

መጋላ ካለች ሱቅ፣ ከኒሟ ዛፍ ጥግ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ስለካ በወግ፣
የሙሽራ ወገብ፣ የተማሪ ክንድ፣
የሟች ከፈን ሳይቀር ስቀድ፣ ስቀድ፣ ስቀድ፣
ለራሴ አንድ ነገር ሰፍቼ አላውቅም።
ሜትሩ አንገቴ ላይ ነው፤ ለክቶኝ ግን አያውቅም።

ግንቦት ነው። ድሬ ላይ ግድግዳው ይተኩሳል፤
ቆርቆሮው በሌሊት ቀኑን ያስታውሳል፤
ጎረቤት በሙሉ አልጋውን አውጥቶ
ግቢ ያድራል፣ አጎበር ምስማር ላይ ዘርግቶ።
እኔን ግን ያማረኝ ከግቢ ወዲያ ነው፤
ከሳቢያንም ማዶ፣ አሸዋው ሲበርደው።

ስድስት ሜትር አቡጀዲ ከታይዋን ገዝቼ፣
ለሁለት አጥፌ፣ ደርቤ ሰፍቼ፣
ጫፎቹን አጠፍኳቸው፤ እንደ ቁምጣ ገመድ
ዋሻ ተውኩላቸው ቃጫው እንዲሄድ።
ሲባጎ ልጥ ይልጣል፤ ዛፍም ቆዳ አለው፤
ጋራዥ ሄጄ ለመንኩ፣ ሰውዬው ገረመው፣
ከሞተ ፔጆ ላይ ቀበቶ ቆርጦ ሰጠኝ።
«ዛፍ ልትነጂ ነው ወይ?» ብሎም አሳቀኝ።

ጣራዬ ሸራ ነው፣ ካሚዮን የጣለው፣
ሽንኩርት ሽንኩርት እንጂ ሌላ የማይሸተው።
ቀለበት የለውም፤ ከደቻቱ ጠጠር
አምጥቼ ጀመርኩኝ ማዕዘኑን መቋጠር፤
አራት ጥቃቅን ራስ፣ ሻሽ ያሰሩ ይመስላሉ።

ሸዋሉል በመስኮት አየችኝ ስለካ።
«ቤት እያላት እኮ!» አለች። «ለካ... ለካ...»
ምን ለካ እንደሆነ እኔም አልጠየቅኳት፤
ከባጃጁ ኋላ ጠቅልዬ ጫንኩት።

ሁለት ግራር አየሁ ከአሸዋው መሐል፤
ቀበቶዬን ሳስር ከኋላ ሰው ሲስል፣
ዞርኩ። ግመሎቹን ያቆመ ሽማግሌ፤
ስሙን በኋላ ነው የነገረኝ፤ ሮብሌ።
እኔ የማየው ሰማይ ጥርት ያለ፣ የጠራ፤
እሱ በበትሩ አሳየኝ የደንገጎን ተራራ።
«ወንዝ እዚህ አገር ከዝናብ በፊት ነው
የሚመጣው» አለ፤ ሌላ አልጨመረው።

የደቻቱ ልጅ ነኝ፤ ለምን? አላልኩትም።
ፈታሁ። ዳገት ወጣሁ። ጊዜ አልፈጀብኝም፤
ሁመርና ግራር፣ ስድስት እርምጃ ርቀው፣
እንደ ተኳረፈ ጎረቤት ጀርባ ሰጥተው፤
መሐላቸው ገብቼ በጨርቅ አስታረቅኳቸው።

መጀመሪያ ስቀመጥ ቋጠሮዬ ከዳኝ፤
የልብስ ሰፊ ቋጠሮ! መሬት ተቀበለኝ።
ሮብሌ አልሳቀም። (ግመሉ ግን ሳቀ።)
ገመዱን ተቀብሎ አንድ ዙር አጠለቀ፣
መለሰው፣ በራሱ ላይ ጥብቅ አርጎ አነቀ፤
ጭነት የሚያስርበት፣ ሲጎትቱት የሚጠብቅ፣
አንዱን ጫፍ ሲስቡት ያለ ክርክር የሚለቅ።

እግሬን ወደ ግራ፣ ራሴን ወደ ቀኝ፣
በሰያፍ ስጋደም ጨርቁ ቀጥ አለልኝ።
ለካኝ። ዳሌ፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ ማጅራት፤
ደብተር አልገለጠ፣ ቁጥር አልጻፈበት፣
አልጠየቀኝ ዕድሜሽ ስንት ነው፣ ባልሽ የት።
ከእናቴ አንቀልባ ከወረድኩኝ ወዲህ
ያዘለኝ የለም ነበር፤ ዛፍ አዘለኝ እዚህ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ከታች ድምፅ ተሰማ፤
ባቡር መስሎኝ ነበር፣ ያ የጥንቱ፣ ከተማ
ሲገባ የሚያጓራው።
ወንዙ ነው። በጨለማ ግራሮቹን ለካቸው፤
ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ደረት፣ አንገታቸው።

ከዚያ ነው ዝናቡ እኔም ጋ የወረደ፤
የሸራዬ ሽንኩርት እንደ አዲስ ተወለደ።
ጣራው አላፈሰሰም፤ ገመዱ ግን ከዳ፣
ጠብታው በእሱ ላይ ተጓዘ እንደ እንግዳ፣
ወገቤ ጋ ደርሶ «ቤቶች!» ሊል ሲል ነቃሁ።
ከሻሼ ጫፍ ቀድጄ ገመዱ ላይ አሰርኩኝ፤
ውሃው እዚያ ሲደርስ በሻሹ ወርዶ ተወኝ።
ይህን ማንም አላሳየኝ።

ጠዋት ሮብሌ የለም፤ የግመል ኮቴ ብቻ።
(ስሙ «ባለ ዝናብ» ነው አሉኝ ከሱቄ ደንበኞች አንዷ።)
አቡጀዲው ሲጠቀለል ዳቦ ያህል አይሆንም፤
ብብቴ ሥር ይዤው ገባሁ፤ የጠየቀኝ የለም፣

ከአንዷ በቀር። ሸዋሉል ቆማለች ከደጄ፣
ዓይኗ ጥቅሉ ላይ ነው፣ መቀሱ ግን በእጄ።
«ለእኔስ» አለች ቀስ ብላ፣ «ስንት ሜትር ይፈጃል?»
ሜትሩን ካንገቴ አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት።
«ተኝተሽበት ነው» አልኳት፣ «ልክሽ የሚታወቅ።»